ለሞተ ስንደርስ፣ ለቆመ ስንዘገይ

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ፣ ከአገራችን ከየአቅጣጫው ተነሥቶ ወደ ጁባ ያልጎረፈ ወጣት ያለ አይመስልም ነበር። አገሩ አዲስ፣ ገበያው የሞቀ፣ ሥራውም ለደፋር ክፍት ነበር። ምግብ ቤት የሚከፍተው፣ ግንብ የሚገነባው፣ ከነጭ ዓባይ ውኃ ቀድቶ በቦቴ ለየሰፈሩ የሚያዳርሰው፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ላይ የሚነግደው ብዙ የእኛ ሰው ነበር። እኔም የሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ፣ አዲስ አበባ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ሲሰለቸኝ፣ አማራት በሚባለው የጁባ ሰፈር ዘመድ በከፈተው ሆቴል ካሸር ሆኜ ገባሁ።

የዚያን ጊዜው አማራት ከዓይኔ አልጠፋም። ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ ቀይ አቧራ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጎማ የሚውጥ ጭቃ። መብራት ማለት ጄኔሬተር ነበር። አመሻሽ ላይ የየግቢው ጄኔሬተር ሲነሣ ሰው የሚግባባው በጩኸት ነው። ያም ሆኖ የሆቴላችን ግቢ ማታ ማታ ሰው አይጠፋበትም። ሾፌሩ፣ ግንበኛው፣ ነጋዴው፣ አስተናጋጇ ሥራቸውን ጨርሰው ይሰበሰባሉ። ጀበናው ይጣዳል፤ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ኬላ፣ አገር ቤት ስለተጀመረ ቤት፣ ስለ ታመመች እናት ይወራል። አንድ ሰው ሁለት ቀን ከቀረ «ያ ልጅ የት ጠፋ?» ይባልና በሦስተኛው ቀን በሩ ይንኳኳል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ለሞተ ሰው የነበረን ደራሽነት ነው። አንድ ወጣት ወባ ገደለው። ወሬው ጠዋት ተሰማ። ከሰዓት በኋላ የሆቴሉ ባንኮኒ ላይ አንድ ባለ መስመር ደብተር ተቀመጠ፤ ስምና የገንዘብ መጠን ይጻፍበት ጀመር። ካሸር ነበርኩና ገንዘቡን የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። ደቡብ ሱዳን ፓውንድ፣ ዶላር፣ አንዳንዱም ብር። ሟቹን በመልክ እንኳ የማያውቁ ሰዎች እየመጡ ሰጡ። ወረቀቱን የሚጨርስ፣ ሳጥኑን የሚያሠራ፣ ሬሳውን አጅቦ የሚሄድ ሰው በዚያው ምሽት ተመደበ። ለእናቱ የሚላከውም ለብቻው ታሰረ። እኛ ስደተኞች ወገናችንን ባዕድ አፈር እንዳይበላው የቻልነውን እናደርግ ነበር፤ በዚህ ዛሬም እኮራለሁ።

በዚያው ሰሞን ነው የውኃ ቦቴ የሚነዳው ልጅ እንቅልፍ ያጣው። አንድ ሌሊት ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው፣ ከመኪናው አውርደው፣ አንበርክከውት ነበር። ገንዘቡን ወስደው ለቀቁት። በሕይወት ተረፈ፤ ሁላችንም «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ» አልነው። ከዚያ በኋላ ግን መሪ መጨበጥ አልቻለም። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ይደነግጣል፤ ሌሊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያነጋል፤ ቡናው ላይ ሲጠራ ይመጣል፣ ነገር ግን ስኒውን እንደያዘ ይበርድበታል። ታላላቆቹ ያላቸውን ሁሉ ሰጡት፤ ያላቸው ምክር ነበር። «ወንድ አይደለህ እንዴ? እርሳው!» አሉት። «ሐሳብ ነው የያዘህ፣ ሥራ ስትጀምር ይለቅሃል» አሉት። ሲብስበት «ጠበል ይሻለዋል» ተባለ። የአውሮፕላን ቲኬት ሊቆረጥለት ያው ደብተር ወጣ። ለሞተው በአንድ ቀን የሞላው ገጽ ለእርሱ ሳምንታት ፈጀ። ሰው ጨክኖ አይደለም። ሞት ለሁሉም ግልጽ ነው፤ የእርሱ በሽታ ግን ስም አልነበረውም፣ ስም ለሌለው ነገር ደግሞ ኪስ ቶሎ አይፈታም።

እኔም ዲግሪዬ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ፍሮይድን፣ ስኪነርን፣ ፒያዤን፣ ማስሎውን ፈተና ላይ ጽፌ ያለፍኩ ሰው ነበርኩ። ከባድ ድንጋጤ ያለፈበት ሰው የሚያሳያቸውን ምልክቶች በቃሌ መዘርዘር እችል ነበር። ከእንዲህ ያለው ሰው ጋር ግማሽ ሰዓት እንዴት እንደሚቀመጡ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ አያስተምርም። ሳይኮሎጂን ማወቅና ሳይኮቴራፒን መሥራት የተለያዩ መሆናቸውን ያየሁት ያኔ፣ አማራት ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ምሽት ጁባ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጀመረ። ፍራሽ መስኮቱ ላይ አቁመን ሲሚንቶው ላይ ተኛን። ቀናት ቆይቶ መንገድ ሲገኝ ብዙዎቻችን ወጣን። እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ልማር ወሰንኩ።

ውሳኔዬን የሰማ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ «ከእብድ ጋር ልትውዪ ነው?» እናቴ በበኩሏ «ልጄ፣ ሰው ችግሩን ለንስሐ አባቱ ይናገራል፤ ለደሞዝተኛ ማን ይናገራል?» አለችኝ። ጥያቄዋ የዋዛ አልነበረም። ሳይኮቴራፒ በቪየናና በኒውዮርክ ክፍሎች ውስጥ ያደገ ሙያ ነው። ሰው ለብቻው፣ በር ዘግቶ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር፣ በሰዓት ተወስኖ የሚነጋገርበት ሥርዓት ነው። ጉዳዩን በሽማግሌ፣ በጎረቤት፣ በካህን ፊት ማየት ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

አገራችን ለአእምሮ ሕክምና ያላት መሠረትም ለረጅም ዘመን ጠባብ ነበር። በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም መሆን የፈለገ ሁሉ ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት፤ በዚያን ጊዜ ከ70 ሚሊዮን ለሚበልጠው ሕዝብ የነበሩት 11 ስፔሻሊስቶች ናቸው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። የካናዳ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጡ አንድ አንድ ወር ያስተምሩ ነበር፤ ሠልጣኞቹም አገራቸው ላይ፣ በአገራቸው ሰው ላይ ይማሩ ነበር። ተመርቀው በአገር የቀሩት በበኩላቸው ሌላውን ማስተማር ጀመሩ። እኔ ወደ ሙያው በገባሁበት ጊዜ ከዚያ ሥራ የፈለቀ ትውልድ በየሆስፒታሉ ነበር።

ሥልጠናው የጀመረው ከምላሳችን ነው። ሦስት ወንበር ይቀመጣል። አንዱ ተማሪ ባለጉዳይ ይሆናል፣ ሌላው ቴራፒስት፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ይመለከታል። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ለአሥር ደቂቃ አትምከሩ። ቀላል ይመስላል። እኛ ግን መምከር ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው። ከክፍላችን አንዷ ልጅ እናቷን ያጣች ሴት ሆና ተቀመጠች፤ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ቴራፒስት የሆነችው ጓደኛችን «አይዞሽ፣ ጠንከር በዪ፣ ሁላችንም ሟች ነን» አለቻት። መምህራችን እጃቸውን አነሡ፤ ሁሉም ቆመ።

«አይዞሽ ያልሻት ለእርሷ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?»

ልጅቷ ዝም አለች።

«እንባዋ ሲመጣ አንቺ ጨነቀሽ። ጭንቀትሽን ልታስወግጂ አጽናናሻት። እርሷ ግን ገና ምንም አልተናገረችም። ቁስል ሳይጠራ አይሰፋም፣ ልጄ።»

ይህ ንግግር ከብዙ መጽሐፍ ይበልጥብኛል። ማጽናናት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያለ ማጽናናት ሰው አይኖርም። ቶሎ ሲመጣ ግን ተናጋሪውን ያስቆመዋል። «እርሳው» የተባለ ሰው ነገሩን አይረሳም፤ የሚረሳው ለእኛ መንገሩን ነው። የቦቴው ሾፌር ስኒውን እንደያዘ ዝም ያለው የሚናገረው አጥቶ አይመስለኝም። ሁላችንም ሳይናገር መልስ ስለሰጠነው ነው።

ቀጥሎ የመጣው የጽሑፍ ሥራ ነበር። ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ከተቀመጥን በኋላ፣ ሳይረሳን፣ ወረቀት ለሦስት እንከፍላለን። በአንዱ ረድፍ ታካሚው ያለውን፣ በሁለተኛው እኛ ያልነውን፣ በሦስተኛው በዚያች ቅጽበት የተሰማንን እንጽፋለን። ሦስተኛው ረድፍ ነው አድካሚው። መሰልቸት ከተሰማን «ሰለቸኝ» ብለን መጻፍ አለብን፤ ንዴትም ከሆነ ንዴት። ከዚያ ወረቀቱ ሥራችንን ለሚከታተል ሱፐርቫይዘር ይቀርባል። የእኔ ሱፐርቫይዘር በእርሳስ እያሰመሩ ያነቡ ነበር። ያሰመሩበት ሁሉ አንድ ዓይነት ቦታ ነው፦ ታካሚው ወደ ከባዱ ነገር ሲጠጋ ሠልጣኙ ወሬ የሚቀይርበት። «እዚህ ጋ ምን ፈርታችሁ ነው?» ይላሉ። አንድ ሰዓት ለተሠራ ሥራ አንድ ሰዓት ምርመራ። ቴራፒስት የሚሆነው ሰው በዚህ ወንፊት ስንት ጊዜ ካለፈ በኋላ እንደሆነ ያየ ሰው፣ ሙያው በሦስት ቀን ሥልጠና ይገኛል ብሎ አያስብም።

ከተማርኳቸው የሕክምና መንገዶች ወደ አማራት የመለሰኝ፣ ጄራልድ ክለርማንና ማይርና ዋይስማን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቀመሩት፣ በሰውና በሰው ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው ሳይኮቴራፒ ነው። መነሻው ለእኛ አገር ሰው የሚገባ ነው፤ ሰው የሚታመመው ከሰው ጋር ባለው ኑሮ ውስጥ ነው፣ የሚድነውም እዚያው ነው። አራት በሮች አሉት፦ ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር አለመግባባት፣ የኑሮ ለውጥ፣ ብቸኝነት። ቴራፒስቱ ከታካሚው ጋር ሆኖ የትኛው በር እንደሆነ ይለያል፤ ከዚያ ለተወሰኑ ሳምንታት በዚያው በር ይሠራሉ። ኡጋንዳ ውስጥ በገጠር መንደሮች በቡድን ተሞክሮ የመንፈስ ጭንቀትን በእጅጉ እንደሚያቃልል እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ወደ እኛም የመጣው አዲስ አበባና ቶሮንቶ በጋራ በሠሩት ሥራ ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከሚለው ተረት ወስደው ፕሮጀክቱን «ቢያብር» አሉት። የኢትዮጵያ ሐኪሞችና ባለሙያዎች በዚያ ሥር ሥልጠናውን ለአገሩ ሰው እንዲስማማ አድርገው አዘጋጁት።

ሥራው የሚጀመረው በአንድ ወረቀት ነው። መሀል ላይ የታካሚው ስም ይጻፋል፤ ዙሪያውን ክብ ይከበባል፤ ቀጥሎ ሌላ ሰፋ ያለ ክብ፣ ከዚያ ሦስተኛ። «በጣም የሚቀርቡህን እዚህ ጻፍልኝ» ይባላል። ስሞቹ ሲሞሉ ጥያቄው ይከተላል፦ «ባለፈው ሳምንት ከእነዚህ ማንን አገኘህ? የልብህን ለማን ነገርህ?» ስምንት ስም ጽፎ ለአንዱም ምንም ያልነገረ ሰው ሲገጥመኝ አልገረመኝም። አማራት ውስጥ እንደዚያ ያሉ ሰዎች መካከል ኖሬያለሁ። አገሩን የለወጠ፣ ሐዘኑን በስልክ የሰማ፣ ከሚስቱ ጋር በገንዘብ መላክ ምክንያት የተቃቃረ፣ በሰው መሀል ብቻውን ያለ ሰው፤ አራቱም በሮች በአንድ ስደተኛ ላይ ሲከፈቱ አይቻለሁ።

ሌላው በልቤ የቀረው ጦርነትና ስደት ለጎዳቸው የተዘጋጀው፣ ሕይወትን የመተረክ ሕክምና ነው። ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ አንደኛው ጫፍ ልደት ነው። ታካሚው ደስ ባለው ቦታ ሁሉ አበባ፣ በተጎዳበት ሁሉ ድንጋይ ያስቀምጣል። ከዚያ ከልደቱ ተነሥቶ በቅደም ተከተል ይተርካል፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ቴራፒስቱ አያሳልፈውም። ምን አየህ? ምን ሸተተህ? ሰውነትህ ላይ ምን ተሰማህ? ያኔ ምን አሰብክ? እያለ ነገሩ ስፍራና ቀን እስኪያገኝ ድረስ አብሮት ይቆማል። ዓላማው ያ ሌሊት እንደ ዛሬ መሆኑ ቀርቶ ያለፈ ታሪክ እንዲሆን ነው። ይህ ሕክምና ቀደም ብሎ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ፣ በሰሜን ኡጋንዳ ኢምቬፒ የሚባለው የስደተኞች ሠፈር ነው። ታካሚዎቹ 43 የሱዳን ስደተኞች ነበሩ። ለተወሰኑት አራት ጊዜ ብቻ ተቀምጠው መተረክ በቂ ሆኖ፣ ከሌላ ዓይነት ምክር ካገኙት ይልቅ ከዓመት በኋላ ተሽሏቸው ተገኙ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጥናቱን አዲስ አበባ ሆኜ ሳነብ አንድ ነገር ቆጨኝ፦ የቦቴው ሾፌር እንቅልፍ ባጣባቸው ሌሊቶች፣ ከጁባ ድንበር ተሻግሮ ባለው አገር፣ ለእርሱ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ሕክምና ከታወቀ ዓመታት አልፈው ነበር። ወደ እኛ የሚያደርሰው ሰው ግን አልነበረም።

የሰላም ስምምነቱ መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተፈረመ በኋላ ወደ ጁባ ተመለስኩ። አሁን የምሠራው በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ የምኖረው እንደ ድሮው አማራት ነው። ስለምረዳቸው ሰዎች አልጽፍም፤ ሙያው ይከለክላል፣ አደራም ነው። ስለ ሰፈሩ ግን ልናገር።

አማራት ተለውጣለች። ጣሪያ ላይ የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ በዝቷል። ከድሮ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው የቀሩት። አንዳንዶቹ በ2006 ዓ.ም. እና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ውጊያ ወጥተው አልተመለሱም። ሌሎቹን ያባረራቸው ገንዘቡ ነው። ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ በ2.95 ይመነዘር የነበረው ዶላር በአንድ ጊዜ ወደ 18.5 ፓውንድ ገደማ ወጣ። በፓውንድ ያጠራቀመ ነጋዴ የዓመታት ላቡ በአንድ ቀን ቀለጠ። ከዚያ በኋላ ዝም ያሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ሱቃቸውን ይከፍታሉ፣ ሰላምታ ይመልሳሉ፣ ነገር ግን ዝም ብለዋል።

አገሩ ራሱ የተሸከመው ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ከተጠየቁት የደቡብ ሱዳን ሰዎች 41 በመቶ የሚሆኑት ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣው ሕመም ምልክት ታይቶባቸዋል። በቀጣዩ ዓመት አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመላ አገሪቱ የሚሠሩት የአእምሮ ሐኪሞች ሁለት ነበሩ፤ በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የነበረው አልጋ 12፤ ወንጀል ሳይሠሩ፣ ስለታመሙ ብቻ እስር ቤት የተቀመጡም ነበሩ። የዚህ አገር ሰዎች በእኛ ምግብ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው በልተዋል፣ ውኃችንን ገዝተዋል፣ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር ተጫውተዋል። እነርሱ ስላለፉበት ነገር ስንቶቻችን ጠየቅናቸው?

ለእንዲህ ያለው ሕመም ድሮ ስም አልነበረንም፤ ዛሬ ስም ሞልቷል። ወጣቱ ስልኩ ላይ ባየው ቪዲዮ «ዲፕሬሽን አለብኝ»፣ «ትራውማ ነው» ይላል። ይህ መልካም ነው፤ የሚያሳፍር የነበረው ነገር አፍ ላይ መጥቷል። ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ግን አሁን ማታ ማታ ሁሉም ስልኩን ይዞ በየጥጉ ነው። ጀበናው አለ፤ ሁለት ቀን የቀረውን ሰው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ድሮ ሕመሙን የሚያውቅ አልነበረም፣ የሚቀመጥ ሰው ግን ነበር። ዛሬ ሕመሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

በእኛ በባለሙያዎቹ መካከል ያለውም ያሳስበኛል። ሙያው ተወዳጅ ሆኗል፤ በየከተማው የምክር አገልግሎት ሰሌዳ ይታያል። ከሰሌዳዎቹ ጀርባ ሥልጠናውን በሚገባ ያለፉ አሉ። የሦስት ቀን ሠርተፍኬት ይዘው ሰው ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ብቻውን ጥለውት የሚሮጡም አሉ። በደንብ የሠለጠነውም ቢሆን ከተመረቀ በኋላ ወረቀቱን የሚያይለት ሰው የለውም። ሦስተኛው ረድፍ ቀረ። ምን ተሰማህ የሚለው፣ ምን ፈርተህ ነው የሚለው ሰው የሌለው ቴራፒስት ቀስ በቀስ ወደ ድሮው «አይዞህ» ይመለሳል፤ ልዩነቱ አሁን ገንዘብ መቀበሉ ነው። ይህን የምለው ሙያውን ስለምወደው ነው።

ወደ ጠበል መሄድንም እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ የሙያ ጓደኛ ስሰማ ያመኛል። እንጦጦ ማርያም ጠበል ቦታ ላይ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች አንድ ላይ ሆነው ሕሙማንን መርዳት መጀመራቸውን፣ ስለዚህም ጥናት መታተሙን አውቃለሁ። ሰው ጠበሉን ሳይተው መድኃኒቱንም፣ ንግግሩንም ሊያገኝ ይችላል። እናቴ ስለ ንስሐ አባት ያለችኝ እውነት ነበር፤ የንስሐ አባትም ቢሆን ሊሰማ የሚችለው ጊዜ ሲኖረው ነው። ቄሱም፣ ሐኪሙም፣ ቴራፒስቱም የሚፈተኑት በዚያው ነው።

የሚያጽናናኝ አንድ ነገር አለ። ናኪቫሌ በተባለው የኡጋንዳ የስደተኞች ሠፈር የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞችን ያከሙት ከሌላ አገር የመጡ ስፔሻሊስቶች አልነበሩም። ከራሳቸው ከስደተኞቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ባለሙያዎች በቅርብ እየተቆጣጠሯቸው፣ 277 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ውስጥ አገልግሎቱን ሰጡ፤ ሕሙማኑም ተሻሽለው ተገኙ። ዋናው ቁም ነገር ሥልጠናው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሥልጠናው በኋላ አብሮ በቆመው ሰው ላይ ነው። ይህ ከሆነ ለእኛም አይሳነንም። ስደተኛ ማኅበራችን አለ፤ የተደራጀ ነው፤ ገንዘብ ማሰባሰብ ያውቃል፤ ሰው መመደብ ያውቃል። ሬሳን ከጁባ አንሥቶ ገጠር ድረስ የሚያደርስ ማኅበር፣ ከየሰፈሩ ሁለት ሰው መርጦ ማሠልጠን፣ እነርሱም በሳምንት አንድ ጊዜ ሱፐርቫይዘር ፊት እንዲቀመጡ ማድረግ አያቅተውም። ሱፐርቫይዘሩ አዲስ አበባ ሆኖ በስልክም ሊሠራው ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ተማሪ ሲያስመርቁ ግንኙነቱን እዚያው ባይቆርጡት፣ ተመራቂው ለጥቂት ዓመታት ወረቀቱን የሚያሳየው ሰው ቢያዘጋጁለት፣ በየአገሩ ያለን ባለሙያዎች የሠራነውን የምንፈትሽበት ቦታ ይኖረናል።

እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ይህን ጀምሬያለሁ። ሦስት ሆነን በየሁለት ሳምንቱ እንቀመጣለን፤ ስም ሳንጠራ፣ የታካሚን ምስጢር ሳናወጣ፣ ያልነውንና የተሰማንን እናነባለን። ጥያቄው ያው ነው፣ እዚህ ጋ ምን ፈርተሽ ነው? መልሱ አሁንም ያደክማል። ከድካሙ በኋላ ግን በማግስቱ ከሰው ፊት ስቀመጥ ጆሮዬ ይከፈታል።

ለማኅበራችን ሽማግሌዎች የምለው አጭር ነው። ጋሼ፣ እትዬ፣ ለሞተ ሰው የምታሳዩትን ደራሽነት አታጉድሉ፤ እርሱ ክብራችን ነው። ከዚያው መዋጮ ጥቂቱን ግን እንቅልፍ ላጣው፣ መሪ መጨበጥ ላቃተው፣ ሱቁን ከፍቶ ዝም ላለው መድቡለት። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሚሰማው፣ ለመስማት የሠለጠነ ሰው አገናኙት። ሬሳ መሸኘት ያልተሳነን ሰዎች፣ በቁም ያለውን ለመድረስ የሚያንሰን ገንዘብም አይደለም፣ ፍቅርም አይደለም። የቀረን ቀድሞ መድረስ ነው፤ እርሱንም መማር ይቻላል።